የእንሰት ጉድጓድ ጉዝጓዝ፤ በወላይታ የምግብ አጠባበቅ ታሪክ ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

ሀ. የጥናቱ ዓላማ

ስለ ወላይታ ያለፈ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች ሁለት ነገር አይዘነጉም። አንደኛው በካዎ ሐላላ ስም የሚጠራው የድንጋይ ካብ ነው፤ ሁለተኛው ካዎ ጦና ቈስለው የተማረኩበት የ1887 ዓ.ም. ጦርነት ነው። ካቡ ዛሬም ይታያል፤ ጦርነቱንም ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋራ የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ነገር ግን ካቡን የካበው ሰው ምግቡን በምን ያቈይ እንደ ነበረ፣ ጦሩ ካለፈ በኋላ የተረፈውም ቤተ ሰብ በምን እንደ ከረመ የሚጠይቅ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርስ አንድ ትንሽ ነገር ማሳየት ነው። ይኸውም የእንሰት ምግብ የሚቀመጥበት ጉድጓድ የውስጥ ጉዝጓዝና የጉዝጓዙ መታደስ ነው። አስተያየታችን በአጭሩ ይህ ነው፤ በእንሰት አገር ጐተራው ጉድጓዱ ሳይሆን ጉዝጓዙ ነው። ጉዝጓዙ መታደሱን ባቆመበት ቤት፣ ጉድጓዱ ሳይፈርስ ጐተራው ይፈርሳል።

ለ. ጉዝጓዙና ሥራው

እንሰት በወላይትኛ «ኡታ»፣ ከእርሱ የሚገኘው ቆጮም «ኡንቻ» ይባላል። ተክሉ መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። ሴቶች ግንዱን ይፍቃሉ፤ ሥሩንም ይከተክታሉ፤ ሁለቱን ደባልቀው እንዲብላላ ያኖሩታል። እንደ ቦታውና እንደ ምግቡ ብዛት በጉድጓድ ይቀበራል፣ ወይም በመሬት ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በሁለቱም መንገድ ምግቡን ከአፈር የሚለየው የዚያው ተክል ቅጠል ነው።

ቅጠሎቹ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ እየተደረበ ከጉድጓዱ ወለል እስከ አፉ ድረስ ይነጠፋሉ። ቆጮው ከተሞላ በኋላ የተረፈው የቅጠል ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በላዩም ድንጋይ ወይም ግንድ ይጫንበታል። ከጊዜ በኋላ ጉድጓዱ ይከፈታል፤ በዳር ያለው ወደ መካከል፣ በመካከል ያለውም ወደ ዳር ይገላበጣል። በዚህ ጊዜ የጠቈረውና የበሰበሰው ቅጠል ወጥቶ በእርጥብ ቅጠል ይተካል።

የዚህ ሥራ ምክንያት በሳይንስም ተመርምሯል። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት እንደሚታየው፣ ቆጮን የሚያብላሉት ተሕዋስያን እየተተካኩ ይሠራሉ፤ ሥራቸውም ቆጮውን እያኰመጠጠ ይሄዳል። ኮምጣጣነቱ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ስለሚገታ ምግቡ ለወራት፣ በደጋ አገር ደግሞ ከዚያም በላይ ለረዘመ ጊዜ ይቈያል። ይህ የሚሆነው ግን አየርና አፈር እስካልገቡበት ድረስ ነው። ቅጠሉ ራሱ የሚበሰብስ ነገር ስለ ሆነ፣ የተቀደደው ስፍራ ሁሉ ለሻጋታ በር ይሆናል።

ይህ ሕግ የሚሠራው በወላይታ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ አገራችን በጭቃና በእበት የተለቀለቀ ጐተራ እህል ከመግባቱ በፊት እንደገና ይለቀለቃል። በሐረርጌ ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጡ በገለባ ይጐዘጐዛል። ከአገራችን ውጭም ብንመለከት፣ በአሮጌ የሸራ መርከብ የሚጓዝ ሰው የስንቅ መደርደሪያውን የውስጥ ልባጥ በየጊዜው ነቅሎ ካላደሰው፣ ከመርከቡ ጐን የሚወጣው እርጥበት ስንቁን ያሻግትበታል። የእንሰትን ምግብነት የማያውቀው የሰሜን ሰው እንኳ፣ ዳቦ ሲጋግር ምጣዱን በኮባ ቅጠል ሲያለብስ የቅጠሉን ጥቅም ያውቃል።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሰሜኑ ጐተራ የሚለቀለቅበት ጭቃ ከጤፉ ማሳ አይመጣም፤ የመርከቡም ሳንቃ ከስንቁ ጋራ ዝምድና የለውም። በወላይታ ግን ምግቡና የምግቡ መጠበቂያ ከአንድ ተክል ይገኛሉ። ስለዚህ እንሰቱ በተጐዳ ጊዜ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ የሚቀመጠው ምግብ ያንሳል፤ ያነሰውንም የሚያቈየው ቅጠል ይጠፋል።

ሐ. ጉዝጓዙ እንዴት ሳሳ

ቅጠሉ እንዲበዛ እንሰቱ ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግም ከብት ይፈልጋል። «ክፉ ቀን» በመባል የሚታወቀው፣ ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ ጥቂት ዓመታት የቈየው ዘመን በኢትዮጵያ ከብት የፈጀ በሽታ የወረደበት ነው። በወላይታም ላይ በ1887ቱ ጦርነት ብዙ ከብት ተማርኳል። ጦሩን የተከተሉ ጸሐፊዎች የተነዳውን ከብት አይተዋል፤ በየጓሮው ያለውን ጉድጓድ ግን አልቈጠሩም። ከብት ባለቀበት ጓሮ ፍጉ እንደሚቀንስ፣ ፍጉ ሲቀንስም ቅጠሉ እንደሚሳሳ ስናስብ፣ የዚያ ጦርነት ጉዳት ከተማረከው ከብት ቍጥር በላይ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ መሆኑን ለመገመት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬቱ ጥበትና የእህሉ መስፋፋት ነው። ወላይታ በሕዝብ ጥግግት ከኢትዮጵያ ገጠሮች በግንባር ቀደምነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። መሬቱ ለልጆች በተከፋፈለ ቍጥር፣ ለመድረስ ዓመታት የሚፈጀው እንሰት በወራት ለሚደርሰው በቆሎና ስኳር ድንች ቦታውን ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ርዳታ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅትም ለገበሬው ካቀረባቸው ዋና ነገሮች መካከል የተሻሻለ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ ይገኙ ነበር። በቆሎው ጠቅሟል፤ ይሁን እንጂ በቆሎ ነቀዝ ይበላዋል እንጂ ተቀብሮ እንደ ቆጮ አይከርምም።

ሦስተኛው በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳወቁት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የመቍረጫ ቢላዋ ነው። እንግዲህ ለጉዝጓዝ የሚሆን ቅጠል መቍረጥ ራሱ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ ሆኗል ማለት ነው።

አራተኛው ድርቅ ነው። ሣር በጠፋ ጊዜ የእንሰት ቅጠል የከብት መኖ ይሆናል። ያን ጊዜ የቤቱ እመቤት ቅጠሉን ለላሚቱ ትስጠው ወይስ ለጉድጓዱ ታስቀረው የሚል ከባድ ምርጫ ይገጥማታል። ወላይታን ያጠኑት ደሳለኝ ራሕማቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጽሑፍ የእንሰት እርሻ ችግርን የመቋቋም ኀይል እንዳለው፣ ከዚያም ጋራ ለጥቃት የሚያጋልጥ ድካም እንዳለበት አስረድተዋል። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወላይታን መምታቱ ለዚህ ምስክር ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ጥፋቱ የመሬትና የከብት ማነስ ከሆነ፣ ስለ ጉዝጓዝ መናገር ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። መልሳችን፣ ጉዝጓዙ የጥፋቱ መነሻ ባይሆንም ጥፋቱ ቀድሞ የሚታወቅበት ምልክት ነው የሚል ነው። በጓሮ የቆሙትን እንሰቶች ከሩቅ የሚቈጥር ሰው ቤቱ የጠገበ ይመስለዋል፤ ጉድጓዱን ከፍታ የምታይ ሴት ግን የሚመጣውን ክረምት አስቀድማ ታውቃለች። ዛሬ በእንሰት አገር በየቦታው ላስቲክና የማዳበሪያ ከረጢት በቅጠል ፋንታ፣ ወይም ከቅጠል ጋራ ተደርቦ ይታያል። ላስቲክ አይበሰብስም፤ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን አሮጌው ቅጠል ከጉድጓድ ሲወጣ ወደ ተክሉ ሥር ተመልሶ ፍግ ይሆን ነበር፤ ላስቲኩ ይህን አያደርግም፤ በገንዘብም ይገዛል።

መ. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የወላይታ ጐተራ በየጊዜው በሴቶች እጅ ሲታደስ የኖረ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለታሪክ ጸሐፊ ያስቸግራል። ካብ ለቈፋሪ ይገኛል፤ ቅጠል ግን በስብሶ አፈር ይሆናል። በጽሑፍም አልተመዘገበም፤ የሚጽፉት ወንዶች ነበሩና፣ የእንሰት መፋቂያውም ስፍራ የሴቶች ነበረና።

ስለዚህ የቀረው ሰነድ የአሮጊቶች ቃል ነው። በሶዶ፣ በቦሎሶ፣ በዳሞት ጋሌና በሁምቦ ዘመዶች ያሏቸው ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው ሦስት ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ቢጽፉ ታላቅ ሥራ ይሠራሉ። አንደኛ፣ ጉዝጓዙ በስንት ጊዜ ይታደስ ነበር? ሁለተኛ፣ ከየትኛው የእንሰት ዐይነት የተቈረጠ ቅጠል ይመረጥ ነበር? ሦስተኛ፣ ቅጠል ያጣች ቤት ከማን ትለምን ነበር? በተለይ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ እንዴት እንደ ተደጋገፈ የሚገልጽ ነው። ይህን የሚመልሱ እናቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ስለ ሆነ፣ ሥራው ለሌላ ትውልድ የሚተላለፍ አይደለም።