ንባቡ ለብቻው፣ ትርጓሜው ለብቻው

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቁረው መናገሻ ካደረጓት ወዲህ በግንቡ ዙሪያና በየአድባራቱ የጥድና የወይራ ጥላ ሥር የተተከሉት ጉባኤ ቤቶች፣ ዙፋኑ ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ፣ የደርቡሽም ጦር በ1880 ዓ.ም. አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት ካቃጠለ በኋላ እንኳ ወንበራቸው ሳይታጠፍ የቆየ፣ ልዩ የሆነ አንድ ሥርዐት ነበራቸው፤ ይኸውም እኛ ቋንቋ ብለን በአንድ ስም የምንጠራውን ነገር ከፋፍለው፣ ፊደሉን ለብቻ፣ ንባቡን ለብቻ፣ ዜማውን ለብቻ፣ ግሱንና አገባቡን ለብቻ፣ ትርጓሜውንም ለብቻ አድርገው ለእያንዳንዱ የራሱን መምህርና የራሱን ዘመን መመደባቸው ነው። አገሩም እንደ ትምህርቱ ተከፋፍሎ ነበር፤ ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም ይወጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይሻገራል፤ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሻ ግን መድረሻው ጎንደር ነው፤ ለአቋቋሙ በአታ ማርያም፣ ለትርጓሜውም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተለዩት የመምህራን ወገኖች እስካሁን በስም ይጠራሉ።

የጎንደር ሊቃውንት ስለ ሰው አንጎል አስቀድመው ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ለእነርሱ የዕውቀት መኖሪያ ልብ ነበርና። ሆኖም የኤውሮፓ ሐኪሞች በ19ኛው መቶ ዓመት የሙታንን ራስ ቅል እየከፈቱ የደረሱበትን ነገር፣ ማለትም ንግግርና ንባብ፣ ጽሕፈትና ዜማ፣ ቃልና አገባብ በአንጎል ውስጥ በልዩ ልዩ መንገድ የሚሠሩ፣ በደዌም ጊዜ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ሳስብ፣ ያ ደዌ የሚለያየውን የእኛ መምህራን በማስተማር ብዛት ለያይተውት እንደ ነበር እመለከታለሁ።

ሕፃኑ በአምስት በስድስት ዓመቱ ከየኔታ ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሀ ሁ ነው። ሃያ ስድስቱን የግዕዝ ፊደላት በሰባት በሰባት እየዘረዘረ፣ 182ቱን ቅርጽ በስንጥር እየነካ ይቆጥራል። ልጅ ብልህ ነውና ብዙ ሳይቆይ ገበታውን በቃሉ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ የምታልፈውን ወፍ ሲከተል እንኳ አፉ ሀ ሁ ሂ ማለቱን አይተውም። አቡጊዳ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ በአቡጊዳ የፊደላቱ ተራ ይለወጣል፤ ድምፁም ከረድፍ ወደ ረድፍ በሰያፍ ይዘላል፤ ፊደሉን ሳያይ ሲዘምር የኖረው ልጅ ወዲያው ይጋለጣል። የለንደኑ ሐኪም ጆን ሂዩሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው መቶ ዓመት ንግግርን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱ በልማድ ከአፍ የሚፈልቅ፣ ሁለተኛው በፈቃድና በአሳብ የሚታነጽ ነው አለ፤ የፊደል መምህር ግን ይህንኑ በዕለት ሥራው ይመረምረው ነበር።

ከፊደል በኋላ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ወንጌሉ፣ ከዚያም ዳዊት ይመጣል፤ ይህም ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ በሚባሉት ደረጃዎች እየታለፈ ነው። መቶ አምሳውን መዝሙር ሳይሰናከል በቁም ንባብ የሚወርደው ልጅ ከሚያነበው ቃል የአንዱንም ትርጉም አያውቅም፤ ግዕዙ ገና አልተፈታለትምና። ዘመናውያን አስተማሪዎች ይህን ልማድ እንደ ከንቱ ድካም ቆጥረው ብዙ ነቅፈውታል፤ እኔም ከነቀፋው ጥቂት እካፈላለሁ። ነገር ግን ከቅርጽ ወደ ድምፅ የሚወስደው መንገድ ወደ ትርጉም ከሚወስደው መንገድ ልዩ መሆኑን ከዚህ ልጅ ይልቅ የሚያስረዳ የለም። በአንዳንድ የመርሳት ደዌ የተያዙ አረጋውያን ጽሑፉን አስተካክለው ሲያነቡ ይሰማሉ፤ ያነበቡት ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ምንም አይመልሱም። ዳዊት ደጋሚው ሕፃን ገና ያልገባበት፣ በሽተኛው ደግሞ የወጣበት ቤት አንድ ነው።

ጽሕፈት ደግሞ ከንባብ የራቀ ሥራ ነበር። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥና ብርዕ መቅረጽ የቁም ጸሐፊው ሙያ በመሆኑ፣ ድጓውን በቃሉ የሚያወርድ፣ ሐዲሳትን አንድም እያለ የሚተነትን ሊቅ አንድ መስመር ጽፎ የማያውቅ ቢሆን ማንም አይደነቅበትም። እ.ኤ.አ. በ1892 ዡል ዴዤሪን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የዘገበው በሽተኛ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ይህ ሰው ከአንጎል ደዌ በኋላ አስተካክሎ ይጽፋል፣ እጁ የጻፈውን ግን መልሶ ማንበብ አይችልም። የዜማ ምልክት የተጻፈበትን ወረቀትም ማንበብ ተስኖት ነበር፤ ሆኖም አዳዲስ ዜማዎችን በጆሮው እየሰማ ያጠና ነበር። ሬሳው ሲመረመር በግራው አንጎል ኋላ፣ የዓይን ስሜት ከሚደርስበት ቦታና ሁለቱን የአንጎል ንፍቆች ከሚያገናኘው ድልድይ ላይ ጉዳት ተገኘ። ዓይን ያየችው ነገር ቃል ወደሚታወቅበት ስፍራ የሚያልፍበት መንገድ ተቆርጦ ነበር።

አንደበት ሲዘጋ ግን የአገራችን ሰው ሁልጊዜ ምላስን ይከሳል። መጋኛ መታው ይባላል፤ ጸበል ይወሰዳል፤ ክታብ ይታሰርለታል፤ አእምሮው ግን እንደ ቀድሞው ሙሉ ነው ተብሎ ይታመናል። ለዚህ አስተሳሰብ የካህኑ የዘካርያስ ታሪክ ሳያግዘው አልቀረም፤ እርሱ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ ሰሌዳ ለምኖ የልጁን ስም ጽፏልና። በእውነተኛው የአንጎል ደዌ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ወደ ግራው ንፍቀ አንጎል የሚሄደው ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፣ ከንግግሩ ጋር ጽሕፈቱም አብሮ ይሰናከላል፤ ብዙ ጊዜም ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ይሰንፋሉ፤ የግራው አንጎል የቀኙን ገላ ያዛልና። ምላሱ ምግብ ሲያላምጥ ይላወሳል፤ የጠፋው ቃሉ ነው።

ይህን ለዓለም ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1861 በፓሪስ አጠገብ ባለው በቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ ወደ እርሱ መጣ፤ ይህም ሰው ሃያ አንድ ዓመት በዚያ ሲኖር ለማናቸውም ጥያቄ መልሱ "ታን ታን" ብቻ ነበር፤ ሲናደድም አንድ የስድብ ቃል ያመልጠዋል። የሚነገረውን ይሰማል፤ በእጁም ያመለክታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ፤ በአንጎሉም ግራ፣ ከግንባሩ በስተኋላ በታችኛው ክፍል ጉዳት ተገኘ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት የነበረው ጀርመናዊው ካርል ቬርኒክ፣ ከጆሮ በላይና በስተኋላ ያለው ስፍራ ሲጎዳ ሌላ ዓይነት ደዌ እንደሚመጣ ጻፈ፤ በዚህ ደዌ የተያዘው ሰው ቃላትን እንደ ጅረት ያፈስሳል፣ ነገር ግን ፍሬ የለውም፤ ሌላው የሚናገረውንም አያስተውልም።

የቅኔ መምህር ይህን ቢሰማ ግስና አገባብ ብሎ በሁለት መደብ ያኖረው ነበር ብዬ እገምታለሁ። በቅኔ ቤት ግስ ለብቻው ይገሰሳል፤ ቃላቱን የሚያያይዙት ጥቃቅኖች ደግሞ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ አገባብ ተብለው ለብቻቸው ይጠናሉ። ብሮካ በገለጸው ደዌ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠፋበት አገባቡ ነው፤ ፈረንጁ በሽተኛ ማያያዣውን ሁሉ ጥሎ ስሞችን ብቻ እንደ ድንጋይ ይደረድራል። በሴማውያን ቋንቋ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል፤ "ሰበረ" ከሚለው ቃል እርባታውን ቢያወልቁት የሚቀሩት ሦስት ተነባቢዎች ናቸውና ማንም ሊናገራቸው አይችልም። የግዕዝና የአማርኛ ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥ የተጠኑት በሽተኞች እርባታውን ከመጣል ይልቅ አንዱን በሌላው እየለወጡ፣ ወንዱን በሴት፣ የኃላፊውን በትንቢት ሲናገሩ ተገኝተዋል። አማርኛ ተናጋሪውንም በሽተኛ የሚመረምር ሐኪም ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኘውን ምልክት ከሚጠብቅ ይልቅ ይህን ማድመጥ ይበጀዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ዜማና ወደ ጸሎት እመለሳለሁ፤ የነገሩም ዋና ይህ ነውና። ብርሃን ሰገድ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር በጎንደር ሲነግሡ፣ ቁስቋምም በተሠራችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1745 ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ስዊድናዊ ስለ አንድ በሽተኛ ጻፈ፤ ቀኝ ገላው የሰነፈና ከአንድ የእሺታ ቃል በቀር መናገር የተሳነው ይህ ሰው፣ ከመታመሙ በፊት ያጠናውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሌላ ሰው ጀምሮ ሲያግዘው እንደ ጤነኛ ቃሉን እየለየ ይዘምር ነበር፤ ጸሎቱንም እንዲሁ፣ ያለ ዜማ ግን በምትና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ይደግም ነበር። ጃክሰን የለየው የልማድ ንግግር፣ ቁጥርም ሆነ ጸሎት፣ ስድብም ሆነ ሰላምታ፣ የታነጸው ንግግር ከጠፋ በኋላ መቅረቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ታይቷል። በእኛ አገር ይህ ነገር ምን ያህል ጎልቶ ሊታይ እንደሚችል አስቡት፤ ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ፣ ዳዊቱን በየሳምንቱ ሲደግም ስድሳ ዓመት የኖረ አረጋዊ ውኃ አምጡልኝ ማለት አቅቶት፣ አቡነ ዘበሰማያት ሲጀመርለት እስከ ፍጻሜው ሊያወርደው ይችላል። ቤተ ሰቡ ይህን አይቶ ተሻለው ብሎ ቢደሰት፣ ወይም መናገር እየቻለ ዝም ብሏል ብሎ ቢያዝንበት፣ ሁለቱም ስሕተት ነው። ቅኔ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና፣ ባለ ቅኔው በየጊዜው አዲስ መዝረፍ አለበት፤ ስለዚህ ድጓው በአፉ የቀረለት ሊቅ ጉባኤ ቃና እንኳ መቁጠር ሊሳነው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን የዜማ መትረፍ ወደ ሕክምና ለወጡት፤ በሽተኛው አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን እያዜመ፣ በግራ እጁም ምቱን እየመታ፣ ቀስ በቀስ ዜማውን ጥሎ ወደ ተራ ንግግር እንዲመለስ ያለማምዱታል። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ በሚዜሙበት፣ አቋቋምም እጅንና እግርን ከድምፅ ጋር በሚያስተባብርበት ከተማ ይህ ሕክምና እንግዳ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞቹን በሆስፒታሉ ግቢ፣ የቋንቋ ተማሪዎቹን በማራኪ ግቢ ያስተምራል፤ አንደበቱ የተያዘ ሰው ግን የሁለቱንም ዕውቀት ይሻል።

በሁለት ልሳን የሚኖርም ሰው ሲታመም የትኛው ይቀድማል? ፈረንሳዊው ሪቦ አስቀድሞ የተለመደው ጸንቶ ይቀራል አለ፤ የአገሩ ሐኪም ፒትር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 ከመታመሙ በፊት ይበልጥ የሚሠራበት ይቀድማል አለ። በሽተኞቹ አንዳንዴ ለዚህ፣ አንዳንዴ ለዚያ ይመሰክራሉ። ለመርጌታው አማርኛ የእናቱ ቃል፣ ግዕዝ የሌሊትና የቀን ሥራው ነውና ሁለቱም ሕግጋት በእርሱ ላይ ይከራከራሉ።

እስካሁን የተናገርሁት ኖሮት ስለ ጠፋበት ሰው ነው። ከመጀመሪያው ፊደል አልገባ ያለውስ ልጅ? ዕጣው አለንጋና ደንቆሮ መባል ነበር። ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ በአጎቱ በጌዴዎን መገረፉን፣ ኋላም ዛፍ ለመውጣት እየወደቀ የሚነሣውን ትል አይቶ መመለሱን ሁሉም ተማሪ ይሰማል፤ መምህራኑ ግን ከታሪኩ የያዙት ትዕግሥትን እንጂ ግርፋቱ አለመጥቀሙን አልነበረም። እኛ አድዋ በተዋጋንበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ጻፈ፤ ልጁ አስተዋይና ዓይኑም ጤነኛ ሳለ ንባብ ብቻ ተስኖት ነበር። እንዲህ ያለው ችግር ከስንፍና ሳይሆን፣ አብሮ ከሚወለድና በዘር ከሚወርድ የአንጎል አሠራር መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ትምህርት ያልገባው ተማሪ ልቡናውን ይከፍትልኛል ብሎ ከአስተናግር ይዘጋጃል የሚባለውን አብሾ ይጠጣ ነበር፤ በአስተናግር ውስጥ ያለው መርዝ ግን ለማስታወስ የሚያገለግለውን የአንጎል ሥራ የሚያውክ ነው፤ ብዙ የጠጣም አእምሮው ይታወካል።

እጅግ የሚያስገርመው፣ መድኃኒቱ በዚያው በጉባኤ ቤቱ ውስጥ መኖሩ ነው። ዓይነ ስውር ልጅ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ ማንም ፊደል ቁጠር አይለውም፤ በቃል ትምህርት፣ በጨለማ፣ ከጓደኞቹ አፍ እየሰማ ዜማውንና ትርጓሜውን ይይዛል፤ በዚህም መንገድ ወንበር ተክለው ያስተማሩ ዓይነ ስውራን መምህራን ጥቂት አይደሉም። ፊደል እምቢ ያለው ልጅ ግን ዓይን ስላለው ወደዚያ በር የሚመራው አልተገኘም።