የተጠራ ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ
ስለ አሮጌ የሥዕል መጽሔቶች ገበያ ታሪክ

ማንኛውም ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንደኛው ባለቤቱ የሚጠራው፣ ሁለተኛው ገዢው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለው ነው። ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ በመዝገብ ማስፈር ብዙ ዘመንና ብዙ ኪሣራ የጠየቀ ሥራ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። እኛም ይህን ነገር ለማስረዳት በአሜሪካ አገር ኮሚክ የሚባለውን፣ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚተርከውን ቀጭን መጽሔት መርጠናል። ምርጫችን ለቀልድ የተደረገ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

«አክሽን ኮሚክስ» የተባለው መጽሔት 1ኛ ቁጥር በ1938 ወጣ። ሱፐርማን የሚባለው ኃያል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በእርሱ ነው፤ ዋጋውም 10 ሳንቲም ነበረ። በሚከተለው ዓመት በ«ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» 27ኛ ቁጥር ባትማን ታየ። ልጆች እነዚህን ገዝተው አነበቡ፣ ለጓደኛ አዋሱ፣ አጥፈው በኪሳቸው ከተቱ፣ በመጨረሻም ጣሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሮጌ ወረቀት ለጦር ሥራ ይሰበሰብ ስለ ነበረ እጅግ ብዙው በዚያ ጠፋ። ከጦርነቱም በኋላ መጽሔቶቹ የልጆችን ጠባይ ያበላሻሉ የሚሉ ወላጆችና መምህራን ተነሡ፤ በአንዳንድ ከተማ በአደባባይ አቃጠሏቸው፤ በ1954 ነገሩ እስከ አሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ደረሰ። ዛሬ ጥቂት ቅጂ ብቻ ተርፎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት፣ ያደጉት ልጆች የልጅነታቸውን መጽሔት ፍለጋ በተነሡ ጊዜ፣ የሚታመን ዋጋ የሚነግራቸው አላገኙም። እያንዳንዱ ነጋዴ በሚልከው ዝርዝር ላይ የወደደውን ይጽፍ ነበር። በ1970 የቴኔሲ ግዛቱ ሮበርት ኦቨርስትሪት የመጀመሪያውን የዋጋ መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም «አክሽን ኮሚክስ» 1ኛ ቁጥር 300 ዶላር ተብሎ ተመዘገበ። መጽሐፉ ለገዢና ለሻጭ አንድ ቋንቋ ስለ ሰጣቸው ታላቅ ጥቅም አመጣ። ሆኖም ጉድለት ነበረበት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፣ ዋጋውም በአብዛኛው ከነጋዴዎች አስተያየት የተሰበሰበ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ሻጭ ነው። በ1977 በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር አጠገብ ከአንድ ቤት ብዙ ሺህ መጽሔቶች፣ ገና ከሱቅ የወጡ እስኪመስሉ ድረስ ተጠብቀው ተገኙ። የገዛቸው ነጋዴ ከመምሪያው በላይ ዋጋ ቢጠራባቸው ሌሎቹ ነጋዴዎች አጉረመረሙ፤ ገዢዎች ግን ከፈሉ። መምሪያው ከገበያው ኋላ መቅረቱ ያን ጊዜ በግልጥ ታየ።

ታላቁ ጥፋት የደረሰው ግን በ1990ዎቹ ነው። የአሮጌዎቹን መወደድ የሰማ ሕዝብ አዲሶቹን እንደ ጥሪት ይገዛ ጀመር። በ1991 «ኤክስ-ሜን» የተባለው መጽሔት 1ኛ ቁጥር በአምስት ዓይነት ሽፋን ተሠርቶ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ለሱቆች ተሸጠ። በ1992 የሱፐርማንን ሞት የሚተርከው 75ኛ ቁጥር በጥቁር ከረጢት ታሽጎ ሲወጣ ሰዎች በሱቅ ደጅ ተሰልፈው ገዙት፤ አንዳንዱም አምስትና ዐሥር ቅጂ ወስዶ ሳይከፍት ለልጆቹ ትምህርት አስቀመጠ። የ1938ቱ መጽሔት የተወደደው ሌላው ሁሉ ስለ ጣለው እንደ ሆነ፣ የ1992ቱን ግን ማንም እንዳልጣለው ልብ ያለ አልነበረም። በዝርዝር ላይ ዋጋው በየወሩ ከፍ ይላል፤ ሊሸጥ የወጣው ሰው ግን ገዢ ያጣል። ከ1993 ጀምሮ ገበያው ፈረሰ፤ እጅግ ብዙ ሱቆች ተዘጉ፤ ማርቭል የተባለው ታላቅ አሳታሚ ራሱ በታኅሣሥ 1996 የመክሰር ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ። በመሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤትን መዝገብ የሚያውቅ አንባቢ የጎደለውን ነገር ወዲያው ይረዳዋል፤ የገቢው መዝገብ ነበረ፣ የወጪው አልነበረም።

ይህን ጉድለት የሞሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ2000 የተቋቋመው ሲ.ጂ.ሲ. የተባለ መርማሪ ድርጅት ነው። ሻጭም ገዢም ሳይሆን መጽሔቱን ይመረምራል፤ የሽፋኑን እጥፋት፣ የሽቦውን ዝገት፣ የወረቀቱን ንጣት፣ የተጠገነ እንደ ሆነም አይቶ እስከ 10 በሚደርስ ቁጥር ደረጃ ይሰጠዋል፣ በጠንካራ ፕላስቲክም ያሽገዋል። ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚደረገው ሐራጅ ነው፤ የተሸጠበትን ዋጋ ሁሉም ያየዋልና። ከዚያ በኋላ ጂ.ፒ.ኤናሊሲስን የመሰሉ መዝገብ ያዦች ተነሥተው የታሸጉትን መጽሔቶች ሽያጭ በየቁጥሩና በየደረጃው ይሰበስቡ፣ የ90 ቀንና የ12 ወር አማካይ ያወጡ ጀመር።

መዝገቡንም ማንበብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በየካቲት 2010 አንድ «አክሽን ኮሚክስ» 1ኛ ቁጥር፣ ደረጃው 8.0 የሆነ፣ በ1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ሳምንት በደረጃ እኩያው የሆነ «ዲቴክቲቭ» 27ኛ ቁጥር በሐራጅ 1,075,500 ዶላር አወጣ፤ ነገር ግን ጨረታው የቆመው በ900,000 ነው፣ የቀረው የሐራጅ ቤቱ ኮሚሲዮን ነው። ይህን ያላወቀ ሻጭ ሒሳቡ ሁልጊዜ ይሳሳትበታል። በመጋቢት ደግሞ ከአሮጌ የሲኒማ መጽሔቶች መካከል የተገኘ የ8.5 ደረጃ «አክሽን» በ1.5 ሚሊዮን ተሸጠ። ይኸው ቅጂ በ2018 ከ2 ሚሊዮን በላይ፣ በ2021 3.25 ሚሊዮን አወጣ። በእኛ አስተያየት ከማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው እንዲህ ያለው ነው፤ ዕቃው ያው አንድ ሆኖ የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነውና። በ2024 ሌላ የ8.5 ቅጂ 6 ሚሊዮን ባወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኛው ካንሳስ ሲቲ ከሚባለው ስመ ጥር ስብስብ የመጣ ነበረና ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ዕቃው አንድ አይደለም። በ2022 የ«ሱፐርማን» 1ኛ ቁጥር በ5.3 ሚሊዮን ተሸጠ የተባለው ደግሞ በግል ስምምነት ስለ ሆነ ሌላ ተጫራች ያላየው ዋጋ ነው።

በወረርሽኙ ዓመታት፣ በ2020 እና በ2021፣ ቤት የዋለው ሕዝብ ገበያውን እጅግ አናረው። ከ2022 ወዲህ የብዙዎቹ አማካይ ሲወርድ፣ የ90 ቀኑን አማካይ ከ12 ወሩ ጋር ያስተያየ ሰው መውረዱን ቀድሞ አየ፤ ከሁሉ የበለጠውን አንድ ሽያጭ ብቻ በቃሉ የያዘ ግን ያንኑ እየጠራ ቆየ። ከአባቱ ሣጥን የ1991ዱን «ኤክስ-ሜን» ያገኘ ልጅም መዝገቡን ቢመለከት ሽያጩ ብዙ ሆኖ ያገኘዋል፤ ያልታሸገው ቅጂ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፣ ለማስመርመር የሚከፈለውም ከዚያ ይበልጣል።