ኒያንደርታል

ኒያንደርታል በአውሮፓና በምዕራብ እስያ፣ በምሥራቅም እስከ ሳይቤሪያው አልታይ ተራሮች ድረስ ይኖር የነበረና ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የጠፋ የሰው ዘር መጠሪያ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሆሞ ኒያንደርታሌንሲስ ይባላል። አጠር ብሎ ደንዳና ነበር፤ ከዓይኑ በላይ ያለው አጥንት እንደ ቅስት ጎልቶ ይወጣል፣ የራስ ቅሉ ወደ ኋላ ረዘም ይላል፣ መንጋጋው አገጭ የለውም። አንጎሉ ግን በመጠን ከእኛ አያንስም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ከመነሻው የቦታ ስም ነው። በጀርመን አገር፣ ከዱሰልዶርፍ ከተማ አጠገብ፣ ዱሰል የተባለ ትንሽ ወንዝ የሚያልፍበት ሸለቆ አለ። ዮአኺም ኒያንደር (1650–1680) የተባለ ሰባኪና የመዝሙር ደራሲ ወደዚያ መመላለስ ያዘወትር ስለነበር፣ ሸለቆው በ19ኛው መቶ ዘመን በእሱ ስም ተጠራ። የቤተሰቡ ስም ቀድሞ ኖይማን፣ ማለትም «አዲስ ሰው» ነበር። አያቱ በዘመኑ የተማሩ ሰዎች ልማድ መሠረት ስሙን ወደ ግሪክኛ መልሰው ኒያንደር አደረጉት። «ኒዮስ» አዲስ ማለት ነው፤ «አንደር» የሚለው ደግሞ እንድርያስ የሚባለው ስማችን ከወጣበት ሥር የመጣ ሲሆን ሰው፣ በተለይም ወንድ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ኋላ ቀርነትን ለመግለጽ የሚመዘዘው ይህ ቃል ሲተረጎም «የአዲስ ሰው ሸለቆ» ሆኖ ይገኛል።

«ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ስለሆነ «የኒያንደርታል ሸለቆ» ብሎ መጻፍ ሸለቆውን ሁለት ጊዜ መጥራት ነው። ይህችው «ታል» በሌላ መንገድ አገራችንም ደርሳለች፤ አያቶቻችን ጠገራ ብር ያሉት የማርያ ቴሬዛ ታለር «ታለር» የተባለው፣ በዚህ ስም የሚጠራው ገንዘብ መጀመሪያ ዮአኺምስታል ከተባለ የቦሔሚያ ሸለቆ በወጣ ብር ስለተቀረጸ ነው። ጀርመኖች በ1901 የአጻጻፍ ሥርዓታቸውን ሲያሻሽሉ የማይነበበውን «ሀ» ከቃሉ አወጡት። ሳይንሳዊው ስም ግን አንዴ ከወጣ ስለማይነካ የድሮውን ፊደል እንደያዘ ቀረ፤ አንዳንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አውጥተው የሚያነቡትም በዚህ የተነሣ ነው። የእኛ «ታ» ከጀርመኑ ድምፅ ጋር ይስማማል።

ቃሉ ከቦታ ወደ ሰው የተሻገረው በ1856 ነው። የኖራ ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች በሸለቆው ከነበረ ፌልድሆፈር ከተባለ ዋሻ ጭቃ ሲጠርጉ አጥንቶች አገኙና የድብ መስለዋቸው ከጭቃው ጋር ወደ ውጭ ጣሏቸው። የተረፉትን የመረመረው ዮሐን ካርል ፉልሮት የተባለ መምህር የሰው መሆናቸውን ለየ። በጅብራልታር በ1848፣ በቤልጂየም ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ተመሳሳይ የራስ ቅሎች ተገኝተው ነበር፤ ምንነታቸውን የተረዳ ስላልነበረ የስሙ ዕድል ለጀርመኑ ሸለቆ ወጣ። የቦኑ ምሁር ማየር አጥንቶቹ በ1814 የናፖሊዮንን ጦር ሲያሳድድ ታሞ ዋሻ ውስጥ የሞተ የኮሳክ ፈረሰኛ ናቸው አለ። ዝነኛው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ ደግሞ ቅርጹን የለወጠው በሽታ ነው ብሎ ተከራከረ። በአየርላንድ ያስተምር የነበረው ዊልያም ኪንግ በ1864 ሆሞ ኒያንደርታሌንሲስ የሚለውን ስም አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ኤርንስት ሄክል «ሆሞ ስቱፒዱስ»፣ ማለትም «ጅሉ ሰው» እንዲባል ሐሳብ አቀረበ። በሳይንስ ስያሜ ቀድሞ የወጣ ስም ስለሚጸና ይኼኛው ወደቀ።

ስሙ ቢወድቅም ስድቡ አልወደቀም። በ1908 በፈረንሳይ ላ ሻፔል ኦ ሴን አንድ ሙሉ ለሙሉ ለማለት የሚቀርብ አጽም ተገኘ። አብዛኞቹ ጥርሶቹ ረግፈዋል፣ የአንገቱና የዳሌው መገጣጠሚያ በሪህ ተበልቷል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴለን ቡል ይህን በሽተኛ ሽማግሌ አጥንቶ የዘሩን ሁሉ አቋም ጎባጣ፣ ጉልበቱንም እጥፍ አድርጎ አቀረበው። በ1957 አጽሙ እንደገና ሲመረመር ስሕተቱ ታወቀ፤ ሥዕሉ ግን ቀድሞ ተሰራጭቷል። በእንግሊዝኛ ቃሉ እስከ ዛሬ ለባለጌና ለደንቆሮ ይወረወራል። በአማርኛ ስድብ ሆኖ አልገባም፤ እኛ «የድንጋይ ዘመን አስተሳሰብ» ብለን እንጨርሰዋለን።

ሳይንስ ራሱ ቃሉን አልጨረሰበትም። ከ1856ቱ አጥንት በ1997 የዘረ መል ቅንጣት ተወሰደ፤ በ2010 ደግሞ ስቫንቴ ፔቦና ባልደረቦቹ የኒያንደርታልን ጠቅላላ ዘረ መል ረቂቅ አሳተሙ። ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሕዝቦች ከዘረ መላቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነውን ከኒያንደርታል እንደወረሱ ታወቀ፤ በአፍሪካ ያለው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች «ከወለዱልን ያው እኛው ናቸው» በማለት ሆሞ ሳፒየንስ ኒያንደርታሌንሲስ ብለው ይጽፋሉ፤ ሌሎች ኪንግ ባወጣው ስም ጸንተዋል። በአማርኛ «የኒያንደርታል ሰው» ማለት ከሁለቱም ጋር አያጣላም።

በአገራችን የተለመደው ስሕተት ሌላ ነው፤ የጥንት ቅሪት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አውስትራሎፒቴከስ ናት፤ ኒያንደርታል ከመምጣቱ እጅግ ቀድማ ኖራለች። የኦሞ ኪቢሽና የሄርቶ የራስ ቅሎች ደግሞ ኒያንደርታሎች በአውሮፓ በነበሩበት ዘመን እዚህ የኖሩ የእኛው የሆሞ ሳፒየንስ ናቸው። በኢትዮጵያ ምድር የኒያንደርታል አጥንት አልተገኘም።