የዊቺታ መፍትሔ በኒው ዮርክ ጎዳና

ትልቅ ከተማ ሊጎበኝ የሄደ ሰው የት ይብላ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የጣዕም ክርክር ሆኖ ይቀራል። አንዱ የሚያውቀውን የፒዛ ብራንድ ምልክት ሲያይ ልቡ ያርፋል፤ ሌላው ውቅያኖስ ተሻግሮ ያንኑ ዱባይም ናይሮቢም ያለውን ነገር መብላት ያናድደዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ምላሳቸው ስለሆነ ሊተማመኑ አይችሉም። ነገሩን ከምላስ ወደ ታሪክ ብናዞረው ግን መልስ እናገኝለታለን። ባለብዙ ቅርንጫፍ ፒዛ ቤት የት ተፈጠረ? የተፈጠረውስ የማንን ችግር ሊፈታ ነው? ለዚህ ጥያቄ ኒው ዮርክን የሚያህል ምስክር የለም። ትልልቆቹ የፒዛ ብራንዶች የተወለዱት ፒዛ ቤት ገና ብርቅ በነበረባቸው የመሀል አሜሪካ ከተሞች ነው፤ የፈቱት ችግርም እውነተኛ ችግር ነበር። ኒው ዮርክ ግን ያ ችግር ኖሮባት አያውቅም። ስለዚህ ኒው ዮርክ ደርሶ የብራንድ ፒዛ የሚበላ እንግዳ ለሌለበት በሽታ መድኃኒት እየገዛ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከ1880 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት ከአራት ሚሊዮን የሚበልጡ ጣሊያናውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። አብዛኞቹ ከኔፕልስ፣ ከካላብሪያና ከሲሲሊ፣ ማለትም ከድሃው የደቡብ ክፍል የወጡ ነበሩ። ብዙዎቹ በታችኛው ማንሃተን በተጨናነቁ የኪራይ ቤቶች ሰፈሩ፣ የራሳቸውን ግሮሰሪና ዳቦ ቤት ከፈቱ። የኒው ዮርክ ፒዛ የተወለደውም ከእነዚህ ዳቦ ቤቶች ነው። በኔፕልስ ፒዛ የሚጋገረው በእንጨት እሳት ነበር፤ በኒው ዮርክ ግን ዳቦ ጋጋሪው በእጁ ያገኘው በድንጋይ ከሰል የሚነድ ትልቅ የጡብ ፎርኖ ነው። ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚወጣው ይህ ፎርኖ የሊጡን ሥር ጠበቅ አድርጎ፣ ጠርዙን እዚህም እዚያም አጥቁሮ ያወጣል። ጋጋሪው የአገሩን ፒዛ ሊሠራ ተነሥቶ የከተማውን ፒዛ ሠራ። በስፕሪንግ ጎዳና የነበረው የጄናሮ ሎምባርዲ ሱቅ በ1905 ተከፈተ፣ የአሜሪካም የመጀመሪያው ፒዛ ቤት እሱ ነው ሲባል ኖሯል። በ2019 የድሮ መዝገቦችን ያገላበጠ አንድ ተመራማሪ ግን ፊሊፖ ሚሎኔ የተባለ ሌላ ስደተኛ ሎምባርዲን እንደሚቀድመው የሚያሳይ ማስረጃ አቀረበ። ቀዳሚው ማንም ይሁን፣ ሙያው የተላለፈበት መንገድ ግልጽ ነው፤ ጋጋሪው ከጌታው ሥር ሠርቶ ይማራል፣ ከዚያ ወጥቶ የራሱን ይከፍታል። ከሎምባርዲ ጋር ይሠራ የነበረው አንቶኒ ፔሮ በ1924 በኮኒ አይላንድ ቶቶኖን ከፈተ። ዛሬ በብሊከር ጎዳና ያለው ጆንስ በ1929፣ ፓትሲ በምሥራቅ ሃርለም በ1933 ተከተሉ። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ሙሉ ፒዛ እንጂ ቁራጭ አይሸጡም ነበር፤ ጆንስ ዛሬም ቁራጭ አይሸጥም።

እስከዚህ ድረስ ፒዛ የሰፈር ምግብ ነው። በ1944 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ አንድ ፒዛ ቤት ሲጽፍ ፒዛ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ለአንባቢዎቹ ማስረዳት ነበረበት፤ ያውም ምግቡ በገዛ ከተማው ከአርባ ዓመት በላይ ሲበላ ከቆየ በኋላ። ለውጡ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጋዝ የሚሠራና ወለሉ ሰፊ የሆነ ፎርኖ ገበያ ላይ ወጣ። ከከሰሉ ፎርኖ ይልቅ በጣም ርካሽ ነው፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይገባል፣ ከሰል ተሸካሚና አመድ ጠራጊ አይፈልግም። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ፒዛው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ተቆርጦ ቢቀመጥና እንደገና ቢሞቅም አይበላሽም። ቁራጭ ፒዛ የኒው ዮርክ መለያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ፒዛ ስምንት ቦታ ተቆርጦ፣ በወረቀት ሳህን ተሰጥቶ፣ ለሁለት ታጥፎ በቁም ይበላል። አዲሶቹን ሱቆች የያዙት ጣሊያናውያን ብቻ አልነበሩም፤ ግሪኮች፣ አልባኒያውያንና ሌሎችም ስደተኞች ሙያውን ወረሱት። በ1980 አንድ የከተማው ነዋሪ የቁራጭ ፒዛ ዋጋና የምድር ባቡር ዋጋ ለዓመታት ጎን ለጎን ሲወጡ መኖራቸውን ልብ ብሎ በጋዜጣ አስታወቀ። ነገሩ የኢኮኖሚ ሕግ አይደለም፤ ግን ፒዛ በዚያ ከተማ ምን ቦታ እንዳለው ያሳያል። ባቡር የሚሳፈር ሁሉ የሚገዛው፣ በየማዕዘኑ የሚገኝ የዕለት ምግብ ሆኗል።

አሁን ወደ ዊቺታ እንሂድ። ዳንና ፍራንክ ካርኒ የተባሉ ወንድማማቾች በ1958 ከእናታቸው 600 ዶላር ተበድረው በካንሳስ ግዛት ባለች በዚህች ከተማ ፒዛ ሃትን ከፈቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቶም ሞናገን ከወንድሙ ጋር በሚሺጋን ግዛት ኢፕሲላንቲ በተባለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ አንዲት ትንሽ ፒዛ ቤት ገዛ፤ ኋላ ዶሚኖስ የተባለችው እሷ ናት። ሊትል ሲዛርስም በ1959 እዚያው ሚሺጋን ውስጥ ተመሠረተ። ሦስቱም በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ሦስቱም ከኒው ዮርክ ርቀው መወለዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በነዚህ ከተሞች የሰለጠነ የፒዛ ጋጋሪ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሰፈሩ ተበታትኗል፣ ደንበኛው በእግሩ ሳይሆን በመኪና ይመጣል፣ ምግቡንም ገና አያውቀውም። በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ አገሩን በመንገድ ማስተሳሰር ጀምሮ ነበርና ከከተማ ከተማ የሚጓዘው ሰው ሳያውቀው የሚያምነው ምልክት ፈለገ። ብራንዱ ለእያንዳንዱ ችግር መልስ ሰጠ። ጋጋሪ ባይኖር ሊጡ በአንድ ማእከል ተቦክቶ በጭነት መኪና ይከፋፈላል፣ ፒዛውም በሚንቀሳቀስ የብረት ሰንሰለት ላይ ተጉዞ በአንደኛው አፍ ገብቶ በሌላው በስሎ ይወጣል፤ ሠራተኛው ሙያውን በጥቂት ቀን ይለምዳል። ደንበኛው ሩቅ ቢሆን ፒዛው ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። ዶሚኖስ በ30 ደቂቃ አደርሳለሁ ብሎ የገባው ቃል ስሙን አገነነው፤ በ1993 የመኪና አደጋዎችን ተከትለው የመጡ ክሶች ናቸው ያንን ቃል ያስተዉት። ይህ ትልቅ ፈጠራ ነው፣ ሊናቅም አይገባውም። ዊቺታ ላይ ፒዛ ሃት ከማንም አፍ ምግብ አልነጠቀም፤ ብርቅ የነበረውን አመጣ።

ክርክሩን የሚቆርጠው ግን ስባሮ የተባለው የፒዛ ብራንድ ታሪክ ነው። ጄናሮና ካርሜላ ስባሮ ከኔፕልስ መጥተው በ1956 በብሩክሊን የከፈቱት ሱቅ የሰፈር የምግብ መደብር ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የአካባቢ ቤት ከየት ይመጣል? ድርጅቱ ግን ያደገው ሰፈር ለሰፈር እየተስፋፋ አይደለም። በትልልቅ የገበያ ማእከሎች፣ ቀጥሎም በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በአውራ ጎዳና ማረፊያዎች እየገባ ነው። ማለትም ሰው ሌላ ምርጫ ወደማያገኝበት ቦታ ሄደ። የገበያ ማእከሎቹ ጎብኚ ሲያጡ ድርጅቱ በ2011ና በ2014 ሁለት ጊዜ ለኪሳራ ከለላ ፍርድ ቤት ቀረበ። የኒው ዮርክ ልጅ የነበረው ቤት እንኳ ቅርንጫፍ ሲያበዛ መኖሪያው የእግረኛ መንገድ ሳይሆን ጣሪያ ያለው ገበያ ሆነ። በኒው ዮርክ ሰፈር የሚያዋጣው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ ኪራዩ ውድ፣ ሱቁ ጠባብ፣ ተወዳዳሪው በሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ያለ፣ ደንበኛው በየቀኑ በበሩ የሚያልፍ። ዛሬ የደረቀ ቁራጭ የበላ ሰው ነገ ከጎረቤት ይበላል። ብራንዱ በምልክቱ የሚሰጠውን ዋስትና እዚያ የሚሰጠው የሰፈሩ ሰው ዓይን ነው።

ይህ ድምዳሜ ለኒው ዮርክ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል ጣሊያንን ማየት ይጠቅማል። ዶሚኖስ በ2015 ሚላኖ ገብቶ እስከ 880 ቅርንጫፍ የመክፈት ዕቅድ ነበረው፤ 29 ላይ ቆሞ በ2022 ዘጋ። እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ ማክዶናልድስ በዚያው በጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች አሉት፣ ስለዚህ ብራንድ በአገሬው ምግብ ሁልጊዜ ይሸነፋል ማለት አይቻልም። ትክክል ነው፣ እኔም ይሸነፋል አልልም። ማክዶናልድስ ጣሊያን ውስጥ የሚሸጠው ጣሊያናዊው በየማዕዘኑ የማያገኘውን ነገር ነው። ዶሚኖስ ግን ለጣሊያናዊው ፒዛ፣ ፒዛውንም ቤት ማድረስ ሊሸጥለት መጣ። የሰፈር ፒዛ ቤቶች በተለይ ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በማመላለሻ ድርጅቶች በኩል ያንኑ አገልግሎት መስጠት ሲጀምሩ ለብራንዱ የቀረለት ብልጫ አልነበረም። ነገሩ ከአገር ፍቅር ጋር የሚያያዝ አይደለም። ችግሩ ሲጠፋ መፍትሔው ገዢ ያጣል።

ለእንግዳው የሚነሡት ተቃውሞዎች ከዚህ የከበዱ ናቸው፣ ሊመለሱም ይገባል። የመጀመሪያው ንጽሕና ነው፤ የማላውቀውን ቤት እንዴት ልመን? ለዚህ ከተማው ራሱ መልስ አዘጋጅቷል። ከ2010 ጀምሮ የኒው ዮርክ ጤና መሥሪያ ቤት ምግብ ቤቶችን መርምሮ በፊደል ደረጃ ይሰጣል፣ ቤቱም ውጤቱን ከውጭ በሚታይ ቦታ መለጠፍ ግዴታው ነው። በሩ ላይ ኤ የተለጠፈበትን ጠባብ ሱቅና ምልክቱ የሚያበራውን ብራንድ የመረመረው ያው መሥሪያ ቤት ነው። ዋጋንም በሚመለከት ቁራጭ ፒዛ ከተማው ከሚያቀርባቸው ምግቦች ሁሉ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት ነው፤ ለአራት ሰው የሚሆን ትልቅ የብራንድ ፒዛ በቅናሽ ሊገኝ ይችላል፣ ለብቻው የሚዞር ሰው ግን ቅናሹ አይረዳውም። ሦስተኛው ተቃውሞ የእኛ ሰው የሚያነሣው ነው፤ ጿሚ ነኝ፣ ወይም የአሳማ ሥጋ አልበላም፣ ታዲያ በማላውቀው ቤት ምን ይቀርብልኛል? ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ፔፐሮኒ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፣ ያ ግን ብራንዱም ቤት የሰፈሩም ቤት ያው ነው። የጾሙን ነገር ግን ታሪክ ለሰፈሩ ቤት ይመሰክራል። የኔፕልስ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ያለበት ፒዛ ነው፤ ፎርማጆ የለውም፣ የመጣውም ከድሆች ገበታ ነው። የድሮውን ሙያ በያዘ ቤት ማሪናራ የጠየቀ ሰው ከፒዛ ላይ የሆነ ነገር አልተቀነሰበትም፤ ሙሉ የሆነ የጥንት ፒዛ ነው የሚበላው። ሊጡ ውስጥ ወተት ወይም ቅቤ ገብቶ እንደሆነም ያቦካው ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ስለቆመ ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

አራተኛው ተቃውሞ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ የአካባቢ የሚባለውም ቤት ሊያታልል ይችላል። ሎምባርዲ በ1984 ተዘግቶ በ1994 ከቀድሞው ቦታው አለፍ ብሎ እንደገና የተከፈተ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያለው 1905 ሳይቋረጥ የኖረ ዘመን አይደለም። በጎብኚ ብዛት በተጨናነቁ ጎዳናዎች ደግሞ ተመላሽ ደንበኛ የማይጠብቁ፣ ለአንድ ቀን መንገደኛ ብቻ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። የኔ ክርክር ግን ስም ላይ ያረፈ አይደለም። የሰፈሩን ቤት ጥሩ የሚያደርገው በየቀኑ የሚመለሰው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት የማይበላበት ቤት ባለቤቱ አንድ ሰው ቢሆንም የብራንዱ ያህል እንኳ ዋስትና የለውም። ስለዚህ እንግዳው ከመሀል ከተማው ግርግር ወጣ ብሎ፣ የትምህርት ቤት ልጆችና ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች የተሰለፉበትን ይፈልግ። ኒው ዮርክ ውስጥም ብራንዱን የሚያዝዙ ነዋሪዎች መኖራቸው ይህን አያፈርሰውም፤ ነዋሪው ነገም ከነገ ወዲያም የሰፈሩን ፒዛ ያገኘዋል፣ እንግዳው ግን ያለው ጥቂት ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በሩቅ የሚሰማው ታሪክ አይደለም። ፒዛ ሃት አዲስ አበባ የገባው በ2018 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከተማዋ ፒዛን የራሷ ካደረገችው ቆይታለች። ፎርኖና ፎርማጆ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን ጋር መጥተው አማርኛ ሆነዋል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ የጾም ፒዛ የማይሠራ ፒዛ ቤት ብዙም አያዋጣውም። በዋሽንግተን ደግሞ የእኛው ሰዎች የሎምባርዲን መንገድ ሄደዋል። በ1978 የተከፈተችው ማማ ደስታ ከመጀመሪያዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዷ ነበረች፤ ከእሷ በኋላ በአዳምስ ሞርጋን፣ ቀጥሎም በዩ ጎዳና አካባቢ ሌሎች ተከፈቱ፣ ኪራዩ ሲንር ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ቅርንጫፍ አልነበራቸውም፣ ማስታወቂያ የሚያሠሩበት ገንዘብም አልነበራቸውም። ያኖራቸው እንጀራ በልቶ የማያውቅ እንግዳ ምልክቱን ሳያውቀው በሩን ከፍቶ መግባቱ ነው። ዋሽንግተን የመጣ እንግዳ የኛን ቤት እንዲሞክር የምንፈልግ ሰዎች፣ ኒው ዮርክ ስንሄድ የሌላውን ስደተኛ ፎርኖ አልፈን ዱባይ ወደምናውቀው ምልክት መሄድ አይገባንም። ትኬት የቆረጠ አንባቢ ካለ፣ የመጀመሪያውን ማታ ከሆቴሉ ጥቂት መንገድ ራቅ ብሎ፣ ኤ የተለጠፈበት፣ ጎረቤት የተሰለፈበት ፒዛ ቤት ገብቶ አንድ ቁራጭ ይዘዝ፤ ጾም ከሆነም ማሪናራ ይጠይቅ።