ትራኮማን የመቁጠር ታሪክ በደቡብ ጎንደር

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት የምትታወቀው ዐፄ ቴዎድሮስ «ሴቫስቶፖል» የተባለውን መድፍ ባሠሩባት ታሪኳ ነው። መድፍ አንድ ነው፤ ያየው ሁሉ ይመሰክራል። በዚያው ደጋ ከሚኖሩት ሕፃናት ከመቶ ስንቱ በትራኮማ እንደ ተያዙ መናገር ግን በዐይን ምስክር የሚፈጸም ነገር አይደለም።

አስቀድሞ በሽታው ሊቆጠር የሚችል መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1987 የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን በአምስት ምልክቶች ከፍሎ ለእያንዳንዱ «አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ብቻ እንዲሰጥ አደረገ። በላይኛው የዐይን ቆብ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው አምስት እባጮች ከታዩ «አለ» ይባላል፤ አራት ከሆኑ «የለም»። ጨካኝ ድንበር ቢመስልም ያለ እርሱ ድርሻ አይሰላም። በ2005–2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኘባቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 40.1 በመቶ ነበር።

ስንት ሕፃን መመርመር ይበቃል? 10 በመቶ ገደማ የሚገመትን ድርሻ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ከ3 ነጥብ ባልበለጠ ስሕተት ለማወቅ 384 ይበቃል። ይህ ግን እያንዳንዱ ሕፃን ለብቻው በዕጣ ሲመረጥ ነው። ዝንቡም ፊት የሚጠረግበት ነጠላም የጋራ በሆነበት ቤት የታላቅየው ሕመም የታናሽየው ነው፤ የአንድ መንደር ሃያ ሕፃናት የሃያ ያህል ወሬ አይነግሩም። ስለዚህ በ2012 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራ ቁጥሩን በ2.65 አባዝቶ 1,019 አደረሰው።

ድርሻው ከ5 በመቶ በታች ነው ከተባለ በወረዳው የአዚትሮማይሲን የጅምላ እደላ ይቆማል። ግምቱ ተሳስቶ ከሆነ የዐይን ፀጉር ተቀልብሶ ብሌን መፋቅ የሚጀምረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።