በአገር ውስጥ የተገጣጠመና ከውጭ የገባ ተሽከርካሪ፦ ገዥዎች ከመወሰናቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ለአብዛኛው ቤተሰብ ተሽከርካሪ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ከፍተኛውን ወጪ የሚጠይቅ ንብረት ነው። ለግዥው የሚውለው ገንዘብ የብዙ ዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣ ወይም የባንክ ብድር ሊሆን ይችላል፤ በግዥው ላይ የሚፈጠር ስህተትም ቤተሰቡን ለዓመታት ሊከተል ይችላል። በመሆኑም «በአገር ውስጥ የተገጣጠመው ይሻላል ወይስ ከውጭ ተገጣጥሞ የገባው?» የሚለው ጥያቄ ከተገልጋዮች ዘንድ በተደጋጋሚ ይነሣል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ፣ ፖሊስን የመሳሰሉ ብዙ ተሽከርካሪ የሚያስተዳድሩ ተቋማት በምን መመዘኛ እንደሚመርጡ፣ እንዲሁም ገዥዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት ምን ማጣራት እንዳለባቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

«የአገር ውስጥ» የሚለው ስያሜ ምን ያመለክታል?

በአገራችን «የአገር ውስጥ ተሽከርካሪ» የሚባለው በአብዛኛው ክፍሎቹ ከውጭ መጥተው በአገር ውስጥ ፋብሪካ የተገጣጠመው ነው። ተሽከርካሪዎች ወደ አገር የሚገቡበት ሁኔታ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ ነው። ሁለተኛው በከፊል ተገጣጥሞ የሚገባ ሲሆን፣ አካሉ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ከመጣ በኋላ እንደ ሞተር፣ ጎማና መቀመጫ ያሉ ክፍሎች በአገር ውስጥ ይገጠሙለታል። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባ ነው። ይህ አካሉን መበየድን፣ ቀለም መቀባትንና መፈተሽን ስለሚጠይቅ ለአገር ውስጥ ሠራተኛ ሰፊ የሥራ ዕድልና የሙያ ሽግግር ያስገኛል።

የመገጣጠም ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው አምቼ በዋናነት የኢቬኮ የጭነት ተሽከርካሪዎችን ሲገጣጥም ቆይቷል። በቢሾፍቱ የከተማ አውቶቡሶች፣ በዱከም የሊፋን አውቶሞቢሎች ተገጣጥመዋል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻም በማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ የተገጣጠመው የሂዩንዳይ አዮኒክ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ይፋ ሆኗል።

ገዥዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ዐቢይ ጉዳይ የተሽከርካሪው ምልክትና የተሠራበት አገር አንድ ላይሆኑ መቻላቸው ነው። ይህ በበለጸጉ አገሮችም ያለ እውነታ ነው። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የፖሊስ መለያ ሆኖ የኖረው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ የሚገጣጠመው በካናዳ ኦንታሪዮ ነበር። የአሜሪካ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 ይገዛው የነበረው ሼቭሮሌት ካፕሪስ ደግሞ ከአውስትራሊያ ተሠርቶ የሚገባ ነበር። በአንጻሩ የጃፓን ምልክት ያለው ቶዮታ ካምሪ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በአሜሪካ ኬንታኪ ይመረታል። ስለዚህ «የአገር ውስጥ» ወይም «የውጭ» የሚለው ስም ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

የቀረጥና የታክስ ልዩነት

በሁለቱ መካከል ጎልቶ የሚታየው የዋጋ ልዩነት ምንጩ ቀረጥና ታክስ ነው። ከውጭ በሚገባ ተሽከርካሪ ላይ የሚጣሉ ክፍያዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይሰላሉ። የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣና የመድን ወጪ ተደምሮ በሚገኘው የጉምሩክ ዋጋ ላይ ነው። ኤክሳይስ ታክስ የጉምሩክ ዋጋውና ቀረጡ ተደምረው፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ኤክሳይሱም ታክሎበት ይሰላል። ሱር ታክስ የሚሰላው በእነዚህ ሁሉ ድምር ላይ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያው እርከን ላይ የሚታይ አነስተኛ የምጣኔ ልዩነት በመጨረሻው ዋጋ ላይ ሰፍቶ ይታያል።

የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ በመጣሉ፣ ከዚህ ቀደም በርካሽ ይገቡ የነበሩ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ዋጋ በእጅጉ ንሯል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ተወስኖ፣ የጉምሩክ ቀረጣቸው ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት ዜሮ እንዲሆን ተደርጓል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ይታወሳል።

የምጣኔው ልዩነት በቁጥር ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። የጉምሩክ ዋጋው 1,000,000 ብር በሆነ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላይ፣ ተገጣጥሞ ከገባ 150,000 ብር፣ በከፊል ተገጣጥሞ ከገባ 50,000 ብር ቀረጥ ሲከፈል፣ ተበትኖ ከገባ ቀረጥ አይከፈልም። ይሁን እንጂ ገጣጣሚው የፋብሪካ፣ የሠራተኛና የኃይል ወጪ ስላለበት የቀረጥ ቅናሹ በሙሉ ለገዥው ይደርሳል ማለት አይደለም። የታክስና የቀረጥ ምጣኔ በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ፣ ገዥዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት ወቅታዊውን ምጣኔ ከጉምሩክ ኮሚሽን ሊያረጋግጡ ይገባል።

ዋስትና፣ መለዋወጫና ለአገሩ ተስማሚነት

በአገር ውስጥ የተገጣጠመ ተሽከርካሪ ዋነኛ ጥቅሙ ኃላፊነት የሚወስድ አካል በቅርብ መኖሩ ነው። ገጣጣሚው የዋስትና ሰነድ ይሰጣል፤ የጥገና ማዕከልና መለዋወጫም ይኖረዋል ተብሎ ይጠበቃል። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚዘልቀው ድርጅቱ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በሞጆ አውቶሞቢል ሲገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ማቆሙ፣ ከዋስትናው ሰነድ ባሻገር የድርጅቱን አቅምና ከአምራቹ ኩባንያ ጋር ያለውን ውል መመልከት እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ከውጭ በሚገቡት ረገድ፣ የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ያስገባውንና ግለሰብ ነጋዴ ያስገባውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ የሚገቡ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ዋስትና ከዚያ አገር ውጭ አይጸናላቸውም። የማሳያ ሰሌዳቸው ቋንቋ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። የቻርጅ መሰኪያቸውም የቻይናው ጂቢ/ቲ በመሆኑ፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ መሰኪያ ብቻ ባለው ጣቢያ ላያገለግል ይችላል። ባትሪ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እጅግ ውዱ ክፍል ስለሆነ፣ የባትሪው ዋስትና ለስንት ዓመትና ለስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ በአገር ውስጥ ማን እንደሚፈጽመው በጽሑፍ መያዝ አለበት።

የአገራችን መልክዓ ምድርም በምርጫው ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በካታሎግ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ አይገኝም። የኤሌክትሪክ ሞተር በአየር መሳሳት ምክንያት ጉልበት አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በአንጻሩ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ በሌለበት መስመር አዘውትሮ ለሚጓዝ ሰው አመቺ ላይሆን ይችላል።

የፖሊስ ተሽከርካሪዎች ምርጫ ምን ያስተምራል?

የፖሊስ ተሽከርካሪ ሌት ተቀን በፈረቃ ይሠራል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ለሰዓታት ይቆማል፤ የመገናኛ ሬዲዮና የማስጠንቀቂያ መብራት ተሸክሞ በድንገት በፍጥነት ይነሣል። በዚህ ምክንያት የፖሊስ ተቋማት የሚመርጡበት መንገድ ለማንኛውም ገዥ ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት ፖሊስ በየዓመቱ ለቅኝት የሚቀርቡ ተሽከርካሪዎችን ፍጥነት፣ የፍሬን አቅም፣ በመታጠፊያ ላይ ያላቸውን ሚዛንና የአሽከርካሪውን ምቾት ፈትኖ ውጤቱን ይፋ ያደርጋል። የራሷ ስመ ጥር የመኪና ኢንዱስትሪ ያላት ጣሊያንም የስፔኑን ሴያት ሊዮን ለፖሊስ አገልግሎት ገዝታለች።

በአገራችን በፖሊስ አገልግሎት ላይ በብዛት የሚታየው የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። ይህ ከውጭ የሚገባ ተሽከርካሪ ለአስቸጋሪ መንገድ የጸና፣ በቀላሉ የሚጠገንና መለዋወጫው በየክልሉ የሚገኝ ነው። በሌላ በኩል የመንግሥት ግዥ ሕግ ለአገር ውስጥ ምርቶች በውድድር ወቅት የተመራጭነት አስተያየት ያደርጋል። ከዚህ የምንረዳው ተቋማት ከመግዣው ዋጋ ባሻገር የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ፣ የጥገና፣ የጎማና የመድን ወጪን፣ ተሽከርካሪው ተበላሽቶ የሚቆምባቸውን ቀናትና በመጨረሻ የሚሸጥበትን ዋጋ በአንድነት ማስላት እንደሚገባቸው ነው። ግለሰብ ገዥም ይህንኑ ስሌት ለአምስት ዓመት አስቦ ቢሠራ ይጠቀማል።

ከመንግሥት አገልግሎት የተሰናበቱ ተሽከርካሪዎች

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የፖሊስ ተቋማት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በጨረታ ያስወግዳሉ። ዋጋቸው ሊማርክ ይችላል፤ ሆኖም የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሙሉውን እውነት አይናገርም። ፎርድ ኩባንያ ለፖሊስ ተሽከርካሪዎቹ ባወጣው መመሪያ፣ ሞተር ሳይጠፋ የሚቆምበት አንድ ሰዓት 33 ማይል ወይም 53 ኪሎ ሜትር ያህል ከመነዳት ጋር እኩል ይቆጠራል። በዚህ ስሌት ቆጣሪው 80,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ፣ ነገር ግን ለ2,000 ሰዓት ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ ተሽከርካሪ፣ የሞተሩ ድካም 186,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ ጋር ይነጻጸራል። ስለዚህ ተጫራቾች የጥገና መዝገቡን መጠየቅ፣ ሞተሩንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ ማስመርመር፣ ካሸነፉም በኋላ የተቋሙ ቀለም፣ ሳይረንና ልዩ መብራት ተነሥቶ ሰሌዳው መለወጡን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

የሻንሲ ቁጥርን ማንበብ

ለዓለም አቀፍ ገበያ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያው ምልክት አምራቹ የተመዘገበበትን አካባቢ ይጠቁማል። «ጄ» ጃፓንን፣ «ኤል» ቻይናን፣ «ደብሊው» ጀርመንን፣ «1»፣ «4» እና «5» አሜሪካን፣ «2» ካናዳን ያመለክታሉ። ከ«1» እና ከ«0» ጋር እንዳይምታቱ ሲባል «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ከተገኙ ቁጥሩ የተነካካ ሊሆን ስለሚችል መጠርጠር ይገባል። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ እንደ ቪትዝ ያሉ አውቶሞቢሎች ግን ከ17 ያነሰ ቁጥር ስላላቸው ይህ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ተበትነው የገቡ ተሽከርካሪዎችም የመነሻ አገራቸውን ምልክት ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

ከግዥ በፊት መከናወን ያለባቸው ተግባራት

1. በሊብሬው፣ በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና በተሽከርካሪው አካል ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ማመሳከር።
2. ተሽከርካሪው ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን ማጣራት። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ተገቢው ቀረጥና ታክስ ሳይከፈል ስሙ ሊዛወር አይችልም።
3. የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ።
4. ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መከናወኑንና ቦሎው የዘመኑ መሆኑን መመልከት።
5. በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን በገዥው ስም መገባቱን ማረጋገጥ።
6. የሽያጭ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ወይም በክልሉ አቻ ተቋም ፊት መፈራረም፤ ከዚያ በፊት ሙሉ ክፍያ አለመፈጸም።
7. የዋስትና፣ የጥገናና የመለዋወጫ ግዴታዎችን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መያዝ።

ከግዥ በኋላ የተደበቀ ጉድለት የተገኘ እንደሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ሻጭ መድንነት የደነገገውና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዥው መብት ይሰጣሉ። አቤቱታ አቅራቢው የሽያጭ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የዋስትና ሰነዱንና የባለሙያ የምርመራ ውጤት ይዞ፣ ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ስምምነት ካልተደረሰም በአካባቢው ለሚገኘው የንግድ ቢሮ ወይም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

በአጠቃላይ በአገር ውስጥ የተገጣጠመ ተሽከርካሪ መግዛት የውጭ ምንዛሪን ለመቆጠብና የሥራ ዕድልን ለማስፋት ይረዳል፤ ዋስትናውና መለዋወጫው የተረጋገጠ ሲሆን ለገዥውም አትራፊ ነው። ይህ ካልተሟላ ግን በሕጋዊ ወኪል በኩል የገባ ተሽከርካሪ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው የገዥው ነው፤ የሚወስነው ግን ሰነዱን አገላብጦ፣ የአምስት ዓመት ወጪውን አስልቶ ሊሆን ይገባል።