በማጂና በቱም አገር የመስቀል ሰልፍ ታሪክ

የመስቀል በዓል በደመራ ተጀምሮ መስከረም 17 ቀን የሚከበር የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው፤ በመንግሥትና በጦር ታሪክ ውስጥ ግን ሌላም ተግባር ነበረው። ክረምቱ የሚወጣበት፣ ወንዙ የሚጎድልበትና መንገዱ የሚደርቅበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ መኳንንቱ ወታደሮቻቸውን አሰልፈው በንጉሡ ወይም በአገረ ገዥው ፊት ደመራውን እየዞሩ ይፎክሩ ነበር፤ ገዥውም የሠራዊቱን ብዛትና ትጥቅ በዚያው ይመለከት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ አስነግረው ጦራቸውን ለጥቅምት እኩሌታ ወረ ኢሉ ላይ መቅጠራቸው፣ የዘመቻው ወራት የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ እንደ ነበረ ያስረዳል። የበዓሉ ሰልፍ ሥርዐትም ከጦር ሜዳው የተወረሰ ነው፤ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት ማዕርጎች ሹሙ በሰልፍ የሚቆምበትን ስፍራ በስማቸው ይናገራሉ።

ይህ የወታደር ሰልፍ ዛሬ ቱም የወረዳ ከተማ ወደ ሆነችበት ወደ ማጂ አገር የገባው በ1890 ዓ.ም. ከተደረገው ዘመቻ ወዲህ ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዓመቱ መግቢያ ካፋን ካስገበሩ በኋላ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ዘመቱ፤ አብሯቸው የተጓዘው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንድር ቡላቶቪች የዘመቻውን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ በደጋው የሰፈረው ወታደር በዓሉን ከሰሜን እንዳመጣው ሥርዐት አከበረ።

ይሁን እንጂ የመስቀል ስምና ሰልፍ ለደቡብ ምዕራቡ አገር ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእናርያው ገዥ በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን ተጠምቆ ነበር፤ በዚያ ዘመን የገባው ክርስትና ከሰሜኑ ጋር የነበረው ግንኙነት ከተቋረጠ በኋላም አሻራውን ትቷል። በካፋ ማሽቃሮ የሚባለው በዓል የመስቀልን ስም እንደ ያዘ ቆየ፤ የየአገሩ ሹማምንትና ጎሳዎችም በቦንጋ በንጉሡ ፊት በየተራቸው ይቀርቡ ነበር። የማጂ ነባር ሕዝብ በሆኑት በዲዚዎች ዘንድም አንዳንድ የባላባት ቤተ ሰቦች የትውልዳቸውን ሐረግ ከሰሜን እንደሚስቡ፣ የጀርመኑ የሕዝቦች ባህል ሊቅ አይከ ሀበርላንድ መዝግቧል። እንግዲህ በ1890 ዓ.ም. የመጣው አዲስ ነገር የበዓሉ ስም ሳይሆን ሰልፉ የቆመበት የገዥና የገባር ሥርዐት ነው።

በካፋ ንጉሥ ፊት የቀረበው ጎሳ በሰልፉ ውስጥ የራሱ ስፍራና ክብር ነበረው። በማጂ ግን ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተቈጥሮ ይሰጠው ስለ ነበረ፣ አውደ ዓመት ለገባሩ የግዴታ ቀን ነበር። እንጨት መልቀም፣ ማርና እህል ማቅረብ፣ የጌታውን ድግስ ማገልገል በእርሱ ላይ ወደቀ። የዲዚ ባላባትም ሕዝቡን ለገዥው አቅራቢ ሆኖ በሁለቱ መካከል ቆመ። ባሪያ ፍንገላ አገሩን ባራቆተበት ዘመን ደግሞ የጠመንጃ ሰልፍ ለተመልካቹ ደስታ ብቻ ሳይሆን ፍርሀትም ነበረው። ስለዚህ አንዱ ደመራ ለሰፋሪው ወታደር የትውልድ አገሩ መታሰቢያ፣ ለገባሩ ግን የሸክሙ ማስታወሻ ሆነ።

ይህ ሥርዐት በአንድ ጊዜ አልፈረሰም። የኢጣሊያ ወረራ የገዥውን ክፍል በተነው፤ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በዐዋጅ ተሻረ፤ በመጨረሻም የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የባለርስትንና የጢሰኛን ግንኙነት አጠፋ። የፊታውራሪና የቀኛዝማች ሹመት ሲቀር ሰልፉ የጦር ትርዒትነቱን አጣ፤ ደመራው ግን አልቀረም። ከፊት የሚሄዱትም ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ሆኑ። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባም የተመዘገበው የሕዝብ በዓል ሆኖ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ የአንድ በዓል ሰልፍ ሲመረመር ማን ከፊት ሄደ ብሎ መጠየቅ ብቻ እንደማይበቃ ነው። የፊተኛው ስም ከነማዕርጉ በታሪክ ይጻፋል፤ የእንጨቱ ተሸካሚ ግን ሳይጻፍ ይቀራል። በማጂና በቱም አገር የመስቀል ታሪክ ሙሉ የሚሆነው ደመራውን የዞረው ወታደርና እንጨቱን ከጫካ ያወረደው ገባር በአንድ ገጽ ሲጻፉ ነው።